ጋላዋ፦ ካሜራው የቆመበት ሆቴል

ቪዲዮውን ያላየ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለንም። ሰማያዊ ባሕር፣ ዝቅ ብሎ የሚመጣ ትልቅ አውሮፕላን፣ የግራ ክንፉ ውኃውን ሲነካ የሚነሳ ነጭ አረፋ፣ ከዚያ ስብርባሪ። ሁሉም ነገር በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 961 ነው።

እኛ ያኔ አልተወለድንም። ቪዲዮውን ያገኘነው እንደ ብዙዎቹ እኩዮቻችን ዩቲዩብ ላይ ነው። ስናየውም ዓይናችን የሚሄደው ወደ አውሮፕላኑ ብቻ ነበር። ጋዜጠኝነት ስንማር ግን አንድ ልማድ ተጣባን። ማንኛውንም ምስል ስናይ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ካሜራውን የያዘው ማን ነው? የቆመውስ የት ነው?» የሚለውን ሆነ። ይህንን ጥያቄ ይዘን ወደዚያ ቪዲዮ ስንመለስ ያላሰብነው ታሪክ ውስጥ ገባን። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ አውሮፕላኑ ብቻ አይደለም። ካሜራው ስለቆመበት አሸዋም ነው።

ካሜራው የነበረው ለጫጉላ ሽርሽር ከደቡብ አፍሪካ በመጡ ባልና ሚስት እጅ ነው። የቆሙት ኮሞሮስ ውስጥ፣ ጋላዋ ቢች በተባለ ቅንጡ ሆቴል ዳርቻ ላይ ነው። መቅረጽ የጀመሩትም አውሮፕላኑ ለቱሪስቶች የተዘጋጀ የአየር ላይ ትርኢት መስሏቸው እንደነበር በኋላ ተናግረዋል።

ትርኢት! መጀመሪያ ስንሰማው ደማችን ፈልቶ ነበር። ሰከን ብለን ስናስበው ግን አልፈረድንባቸውም። የባሕር ዳርቻ ሪዞርት የሚሸጠው አልጋና ቁርስ ብቻ አይደለም። እንግዳው «ከዓለም ጣጣ ወጣሁ» የሚለውን ስሜትም ይሸጣል። ባሕሩም፣ ዘንባባውም፣ የምትጠልቀውም ፀሐይ ለእሱ የተዘጋጁ ይመስሉታል። እንዲህ ባለ ቦታ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲመጣ የዝግጅቱ አካል ቢመስል ምን ይገርማል? ጥያቄው ሌላ ነው። ይህ ከዓለም የወጣ የሚመስል ቦታ ራሱ ከየት መጣ?

መልሱ ገነት ከሚለው ቃል በጣም የራቀ ነው። (ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. ያልንባቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው።)

ኮሞሮስ በሞዛምቢክና በማዳጋስካር መካከል የምትገኝ የደሴቶች አገር ናት። ቫኒላና ለሽቶ የሚሆን ያላንግ ያላንግ የተባለ አበባ ታመርታለች። ሕዝቧ ሙስሊም ነው፤ ቋንቋዋም የስዋሂሊ ዘመድ ነው። ከፈረንሳይ ነፃነቷን ያወጀችው በሐምሌ ወር እ.ኤ.አ. 1975 ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አህመድ አብደላህ ወንበሩ ላይ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላቸው በመፈንቅለ መንግሥት ተነሱ። ከመፈንቅለ መንግሥቱ ጀርባ ቦብ ዴናር የሚባል ፈረንሳዊ ቅጥረኛ ወታደር ነበር። በኮንጎና በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ለከፈለው ሲዋጋ የኖረ ሰው ነው።

ቀጥሎ ያለው ነገር ፊልም ይመስላል። ስልጣኑ ከጥቂት ወራት በኋላ አሊ ስዋሊህ በሚባል ግራ ዘመም መሪ እጅ ገባ። ዴናር በግንቦት እ.ኤ.አ. 1978 ሃምሳ የማይሞሉ ሰዎች ይዞ በመርከብ ተመለሰና፣ ራሱ መንገድ የጠረገለትን መንግሥት በአንድ ሌሊት ገለበጠ። ስዋሊህ በዚያው ወር ተገደሉ። አባርሯቸው የነበሩት አብደላህም ተመልሰው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዴናር ሰለመ፣ ስሙንም ሰዒድ ሙስጠፋ ማህጁብ አለ፣ እዚያው አግብቶ ተቀመጠ። የፕሬዚዳንቱ ዘብ በእሱና በነጭ ጓደኞቹ እጅ ሆነ። ለአሥር ዓመት ያህል የአገሪቱ እውነተኛ ጌታ እሱ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዘቡን ደመወዝ ማን ይከፍል ነበር? የአፓርታይድ መንግሥት። በ1980ዎቹ ደቡብ አፍሪካ በማዕቀብ ታንቃለች። አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች ሰማያቸውን ለአውሮፕላኖቿ ዘግተዋል። በሯን የምትከፍትላት ትንሽ ደሃ ደሴት ስታገኝ ታዲያ እጇን ዘረጋች። ለዘቡ ገንዘብ ሰጠች፣ የሬዲዮ ግንኙነት የሚጠልፍ ጣቢያም ተከለች። ከወታደሩና ከሰላዩ ጋር የሆቴል ባለሀብቱም መጣ።

ጋላዋ ቢች የተሠራው በዚህ ዘመን ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በደቡብ አፍሪካ ገንዘብ፣ ሰን ኢንተርናሽናል በተባለው የደቡብ አፍሪካ የሆቴል ኩባንያ አስተዳዳሪነት፣ በዋናዋ ደሴት በንጋዚጃ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሚትሳሚዩሊ ከምትባለው ከተማ አጠገብ። ደንበኞቹ በአብዛኛው በሌላው አፍሪካ እንደልባቸው መዝናናት የማይችሉ ነጭ ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። ለደሴቲቱ ሰዎችም ሥራ አመጣ፤ ይህን መካድ አይቻልም። አልጋ ያነጠፈ፣ ዓሣ ያቀረበ፣ ጀልባ የነዳ ሁሉ ከሆቴሉ እንጀራ በልቷል። ግን ሥራውን ያመጣው በር በጠመንጃ የተከፈተ በር ነው።

ስሙን ደግሞ ልብ በሉ። ጋላዋ በኮሞሮስ ቋንቋ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ነው። ከእንጨት ተፈልፍሎ የሚሠራ፣ እንዳይገለበጥ በጎኑ ደጋፊ እንጨት የተገጠመለት ጠባብ ጀልባ። የአገሬው ሰው በዚያ ጀልባ ማዕበል ይጋፈጣል፤ የጀልባው ስም ግን የፈረንጅ መዝናኛ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል።

በኅዳር እ.ኤ.አ. 1989 ፕሬዚዳንት አብደላህ በቤተ መንግሥታቸው ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ዴናር በቦታው ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ ተከሶ ነፃ ወጥቷል። ያኔ ግን ፈረንሳይ ጣልቃ ገብታ ከደሴቲቱ አስወጣችው። በመስከረም እ.ኤ.አ. 1995 በጎማ ጀልባዎች ተመልሶ ሌላ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ፣ የፈረንሳይ ወታደሮችም በቀናት ውስጥ ያዙት። ይህ የሆነው የእኛ አውሮፕላን ከመውደቁ አንድ ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ነው። ያ «ከዓለም ጣጣ የራቀ» ዳርቻ ይህን ሁሉ አይቷል።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ እንመለስ።

አውሮፕላኑን የጠለፉት ሦስት ወጣት ኢትዮጵያውያን ናቸው። የፈለጉት አውስትራሊያ ሄደው ጥገኝነት መጠየቅ ነበር። በአየር መንገዱ መጽሔት ላይ ቦይንግ 767 አሥራ አንድ ሰዓት መብረር ይችላል የሚል አንብበዋል። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግሯቸው አላመኑም። ካፒቴኑ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ የተጠለፉ ሰው ናቸው። ጠላፊዎቹ ቦምብ ነው ብለው ያስፈራሩበት ነገር በኋላ ተሸፍኖ የተያዘ የመጠጥ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ። ካፒቴኑ የአፍሪካን ጠረፍ ይዘው ሊበሩ ሞከሩ። ሲነቃባቸው ወደ ምሥራቅ ታጠፉ፣ ግን ሳያሳውቁ አፍንጫውን ወደ ኮሞሮስ አዞሩ። ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። የደሴቲቱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለማሳረፍ ሲጥሩ አውሮፕላን ነጂዎቹ ክፍል ውስጥ ግብግብ ነበር። በመጨረሻ ካፒቴን ልዑልና ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ አውሮፕላኑን ከጋላዋ ሆቴል 500 ሜትር ያህል ርቆ ባሕር ላይ አወረዱት።

ተሳፍረው ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ ጠላፊዎቹም ከእነሱ መካከል ናቸው። ካፒቴኑ ጃኬታችሁን ከመውጣታችሁ በፊት እንዳትነፉ ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ብዙዎች ውስጥ ሳሉ ነፉት። ውኃው ሲገባ ወደ ጣሪያ እያነሳቸው መውጫ አጡ።

ከሞቱት አንዱ ኬንያዊው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን ነው። እሱን የጋዜጠኝነት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በ1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ የነበረውን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው እሱ ነው። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት ግምጃ ቤት ሲፈነዳ አንድ ክንዱን አጥቷል። የእኛን መከራ ለዓለም ያሳየ ሰው መጨረሻው በቱሪስት ካሜራ ተቀረጸ።

በሕይወት የተረፉት 50 ናቸው። ያተረፏቸውስ? የሚትሳሚዩሊ ሰዎችና የሆቴሉ እንግዶች ናቸው። ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ይዞ ገባ። ባሕር ውስጥ ለመጥለቅ የመጡ ቱሪስቶች ገቡ። ለእረፍት የመጡ ፈረንሳውያን ሐኪሞች አሸዋው ላይ ሥራ ጀመሩ። ትርኢቱ ያበቃው ያኔ ነው። ለአንድ ከሰዓት በኋላ በዚያ ዳርቻ እንግዳና አሳላፊ፣ ነጭና ጥቁር የሚባል ነገር አልነበረም። ያለው የሚሰምጥ ሰውና እጁን የሚዘረጋ ሰው ብቻ ነው። ከታሪኩ ሁሉ እኛን ያጽናናን ይህ ነው።

ሆቴሉ ብዙም አልቆየም። አፓርታይድ ወድቆ ለደቡብ አፍሪካውያን መላው ዓለም ተከፈተላቸው። ኮሞሮስም በመገንጠል ጥያቄና በመፈንቅለ መንግሥት ታመሰች። ጋላዋ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ፣ በኋላም ፈረሰ። ዴናር እ.ኤ.አ. በ2007 ፈረንሳይ ውስጥ አረፈ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሞሮኒን ከመዳረሻዎቹ ተርታ አስገብቷል።

የባሕሩ ጣጣ ግን አላበቃም። ከአራቱ ደሴቶች አንዷ ማዮት ከፈረንሳይ ጋር ቀርታለች። እ.ኤ.አ. በ1995 ፈረንሳይ ለኮሞሮስ ሰዎች ቪዛ ግዴታ ካደረገች ወዲህ፣ ክዋሳ በሚባሉ ትንንሽ ጀልባዎች ከአንጁዋን ወደ ማዮት ሲሻገሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሰምጠዋል። ርቀቱ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የእነሱ መስመጥ ብዙ ጊዜ ካሜራ የለውም፤ ዳርቻው ላይ የቆመ ሐኪምም የለውም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ አንድ ነገር ይከነክነናል። ሦስቱ ጠላፊዎች በእኛ ዕድሜ ነበሩ። ያደረጉትን ይቅር የምንልበት ልብ የለንም፤ 122 ንጹሐን ሰዎች የእነሱን መንገድ አልመረጡም። ነገር ግን አንድ መጽሔት ላይ የተጻፈን ቁጥር ከአብራሪው ቃል በላይ ያመኑት ለምን ይሆን? «ሌላ ቦታ ገነት አለ» የሚለው ነገር ሰውን እንዲህ ያሳውራል። ቱሪስቱ በክሬዲት ካርድ ይገዛዋል፤ እኩዮቻችን በባሕርና በበረሃ ይሞቱለታል። ጋላዋ ላይ ሁለቱ ፊት ለፊት ተገናኙ።

ዛሬ ኢንስታግራም ላይ የዛንዚባርና የማልዲቭስ ፎቶ ሲያልፍ እኛም ላይክ እናደርጋለን። ያምረናል፣ ምን ይደረጋል! ብንችል ነገ እንሄዳለን። ከሄድን ግን አንድ ነገር እንጠይቃለን፦ ይህን አሸዋ ማን ጠረገው? ከእኛ በፊትስ እዚህ ምን ሆነ? እናንተም ያንን ቪዲዮ በድጋሚ ካያችሁት፣ እስከ መጨረሻው ቆዩና ውኃውን እየቀዘፉ ስለሄዱት ጀልባዎች አስቡ።