የመንደር ሸንጎና የዝምታ ዕዳ

ታሪክ ሲባል ለብዙ ወጣቶች የሚታያቸው የነገሥታት ዘውድ፥ የጦር ሜዳና የአዋጅ ነጋሪት ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። ንጉሥ የሚነግሠው በሕዝብ ላይ ነው፤ ሕዝብም የሚኖረው በመንደር ነው። በመንደር ውስጥ ሰው ከሰው ጋራ እንዴት ይኖር እንደ ነበረ፥ ሲበደል ለማን ይጮኽ እንደ ነበረ፥ በዳይም በምን ይታወቅ እንደ ነበረ ያልመረመረ ሰው የአገሩን ታሪክ ከጣራው እንጂ ከመሠረቱ አያውቀውም። ስለዚህ ስለ አንዲት የጎጃም መንደርና ስለ አንድ ክረምት ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ። ነገሩን የሰማሁት ከአያቴ አፍ ነው።

ክረምት በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ከሰኔ 26 ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም 25 ቀን ድረስ ነው። በዚህ ወራት ወንዙ ይሞላል፤ ነጋዴው ከቤቱ ይውላል፤ የሩቅ ዘመድ አይጠየቅም፤ ወደ አውራጃው ገዥ አቤት ለማለት የሚነሣም ሰው ከወንዝ ዳር ይመለሳል። መንደር ብቻዋን ትቀራለች። ለገበሬ ግን ጊዜው የዕረፍት አይደለም። ማሳው ይታረሳል፥ ጤፉ ይዘራል፥ አረሙም ይታረማል። የአምናው እህል በጎተራ ተሟጦ የዘንድሮው ገና ያልደረሰበት ወራት ስለ ሆነ ሰው በጎረቤቱ ትከሻ ካልተደገፈ ክረምቱን አይሻገርም። ስለዚህ አባቶቻችን ወንፈልንና ደቦን ሠሩ። ወንፈል ማለት ዛሬ አንተ በእኔ ማሳ፥ ነገ እኔ በአንተ ማሳ፥ ቀን በቀን እየተበዳደሩ መሥራት ነው። ደቦ ግን ባለ ሥራው ጠላና እንጀራ አዘጋጅቶ መንደሩን የሚጠራበት ነው።

የመንደሩ አስተዳደር በጭቃ ሹም እጅ ነበረ። ርስት በዘር በሚወረስባቸው በጎጃም ብዙ ስፍራዎች ይህ ሹመት በባለ ርስቶቹ ወገኖች መካከል በየዓመቱ በተራ ይዞር ነበር። ጭቃ ሹሙ ከባላገሩ የተለየ ሰው አልነበረም፤ ከጎረቤቶቹ ጋራ ያርሳል፥ ያርማል፤ ከዚያም በላይ የገዥውን ትእዛዝ ለሕዝብ ያሰማል፥ ግብሩ እንዲሰበሰብ ያደርጋል፥ በድንበርና በአጥር የተጣሉትን ከሽማግሌዎች ጋራ ሆኖ ያስታርቃል። በዓመቱም ተራው ሲያልፍ ትናንት ያዘዛቸው ሰዎች ነገ ስለሚያዙት ለራሱ ሲል መጠንቀቅ ነበረበት።

ከሁሉ የሚከብደው የመንደር ጉዳይ ግን አውጫጪኝ ነበረ፤ በሌላ ስሙ አፈርሳታ ይባላል። ከብት ተሰርቆ ወይም ሰው ተገድሎ በዳዩ ያልታወቀ እንደ ሆነ የአካባቢው ወንዶች ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባሉ። የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። የተመረጡ ሽማግሌዎች ሰውን አንድ በአንድ ለብቻው እየጠሩ በመሐላ ይጠይቁታል፤ እርሱም አልሰረቅሁም፥ የሰረቀ አላየሁም፥ አልሰማሁም ብሎ ይምላል፤ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ በጆሮአቸው ይናገራል። የነገረው ሰው ስም አይወጣም፤ ወፍ ነገረችን ይባላል እንጂ። በዳዩ ካልተገኘ የጠፋውን ንብረት ሕዝቡ በሙሉ አዋጥቶ ይከፍል ነበር።

አያቴ የነገሩኝ የሆነው ጠላት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ከመውረሩ ጥቂት ክረምቶች ቀደም ብሎ ነው። በሐምሌ ወር የአንድ ጎረቤታቸው የእርሻ በሬ በሌሊት ከበረት ጠፋ። በሐምሌ በሬ መጥፋት ምን እንደ ሆነ የከተማ ልጅ ላይገባው ይችላል። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ስለዚህ የተሰረቀው በሬ ብቻ ሳይሆን የዓመቱ እንጀራ ነው። ሰውየው እሪ አለ፤ ጭቃ ሹሙም አውጫጪኝ አስጠራ። ወንዱ ሁሉ ከሾላው ዛፍ ሥር በዝናም ገሳ ለብሶ ሦስት ቀን ዋለ፤ አደረም። ማሳው ሳይታረስ ቀረ፤ የተዘራውንም አረም ዋጠው።

አያቴ ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበሩ። በዚያች ሌሊት ከእርሻ ጥበቃ ሲመለሱ የወንፈል ባልንጀራቸው በሬውን እየነዳ ወደ ገደሉ ሲወርድ በዓይናቸው አይተዋል። በሽማግሌዎቹ ፊት በቆሙ ጊዜ ግን አላየሁም ብለው ማሉ።

እኔም «አባባ፥ ለምን ሸሸጉት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፥ ዐምና በንዳድ ተኝቼ ሳለሁ ማሳዬን ያረሰልኝ እርሱ ነው። ሚስቱም አራስ ነበረች። እኔ አንድ ሰው ያዳንሁ መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

በአራተኛው ቀን ወፍ ስላልተገኘች የበሬው ዋጋ በየቤቱ ተደለደለ። ሌባውም እንደ ሰው ሁሉ ድርሻውን ከፈለ። በመንደሩ አንዲት ባልቴት ነበረች፤ ከአንዲት በግ በቀር ሀብት አልነበራትም። ድርሻዋን ለመክፈል በጊቱን ልትሸጥ ሆነ፤ ነገር ግን ወንዙ ሞልቶ መሻገር ስላልቻለች ወደ ገበያ እንዲነዱላት የለመነችው አያቴን ነበረ። ነዱላት፤ ሸጡላት፤ ገንዘቡንም ሳያጎድሉ አመጡላት። እርስዋም እጅዋን ዘርግታ፥ «እውነተኛ ሰው ነህ፤ እግዜር ዕድሜ ይስጥህ» ብላ መረቀቻቸው።

አያቴ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። «እህል ሲገባ ሌላ በግ ገዝቼ ሰጠኋት፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኋትም። በጉን መለስሁላት፤ ምርቃቷን ግን መመለስ አልቻልሁም» አሉኝ።

እንግዲህ አውጫጪኝን ማመስገን ይገባልን? እኔ አይመስለኝም። ቂመኛ ሰው በወፍ ስም ንጹሑን ሊያስይዝ ይችላል። ያልበደለ ሰው በዝናም ታግዶ ሥራው ይበላሻል። ምስክሩ ማን እንደ ሆነ ያልተነገረው ተከሳሽም ራሱን መከላከል አይችልም። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲወጡ ፍርድ በማስረጃና በግልጽ ክርክር እንዲሆን መደንገጉ ትልቅ እርምጃ ነበረ፤ ልማዱ ግን በገጠር ከዚያም በኋላ ቆይቷል። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ደግሞ ከ20 ጋሻ በማያንስ መሬት ላይ የገበሬ ማኅበራት እንዲቋቋሙ፥ የፍርድ ሸንጎም እንዲኖራቸው ታዘዘ፤ የጭቃ ሹምም ዘመን አለፈ።

ይሁን እንጂ አባቶቻችን አንድ ነገር በደንብ ተረድተው ነበር፤ ይኸውም የሸሸጉት በደል ዋጋ ሳይከፈልበት አይቀርም ማለት ነው። ሌባውን የሚያውቅ ሰው ዝም ያለ እንደ ሆነ ዕዳው ይጠፋል ብሎ አያስብ፤ ወደ ሌላ ሰው ይዞራል እንጂ። ሲዞርም ባለ ብዙ ከብቱን ጥቂት ይነካውና ባለ አንዲት በጊቱን ፈጽሞ ያራቁታል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንተ ከሾላ ሥር አትቆምም፤ በገሳም ተጠቅልለህ ሦስት ቀን አትውልም። ነገር ግን በትምህርት ቤት፥ በመሥሪያ ቤት፥ በዕድርና በማኅበር ያየኸውን የምትጠየቅበት ቀን ይመጣል። በዚያን ቀን ባልንጀራህን መውደድህ አይነቀፍም። ብትችል አስቀድመህ ወደ እርሱ ሂድና የወሰደውን እንዲመልስ ለምነው፤ አያቴ በእርጅናቸው የተጸጸቱት ይህን እንኳ ባለማድረጋቸው ነበረ። እንቢ ቢልህ ግን አፍህን ከመዝጋትህ በፊት ዝምታህን ማን እንደሚከፍልልህ አስብ።