የኢንሱሊን መርፌና የስኳር መለኪያ ታሪክ

በስኳር በሽታ ሕክምና ታሪክ የኢንሱሊን መገኘት እንደ ታላቅ ድል ይቈጠራል። ነገር ግን የመርፌውን መጠን ለመወሰን የሰውነትን ስኳር መለካት ያስፈልጋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ መለኪያው ከመድኀኒቱ ምን ያህል እንደ ዘገየና ይህ መዘግየት ለአዊ ገበሬ ምን ትርጉም እንዳለው መመርመር ነው። ዘመኖቹ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኢንሱሊን በ1921 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ ተገኘ፤ በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በመርፌ ተወጋው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሽተኛው በቤቱ ሊመረምር የሚችለው ሽንቱን ብቻ ነበር። ስኳር ወደ ሽንት የሚወጣው በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ወደ 180 ሚሊግራም ሲደርስ ስለ ሆነ፣ ሽንት የስኳርን መብዛት እንጂ ማነሱን አያሳይም። መርፌ የሚወጋውን ሰው በድንገት የሚጥለው ግን ማነሱ ነው። በ1965 በደም ጠብታ ቀለሙን የሚለውጥ መመርመሪያ ወጣ፤ ይህም የአንዲትን ቅጽበት ብቻ ያሳያል። ከቆዳ ሥር በምትገባ ቀጭን ሽቦ ያለማቋረጥ የሚለካው መሣሪያ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1999 ነው። ይኸው መሣሪያ በየጥቂት ደቂቃው እየለካ ስኳሩ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች እንደሚሄድ ያሳያል።

አሁን ከዳንግላ ወይም ከእንጅባራ ራቅ ብሎ የሚኖር ገበሬ እናስብ። ጧት መርፌውን ተወግቶ ወደ እርሻ ቢወርድ፣ በጾምም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ቢቈይ፣ መድኀኒቱ ሥራውን አያቋርጥም፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። ይህን ፈርቶ መድኀኒቱን ቢቀንስ ደግሞ ስኳሩ ይበዛል። መለኪያ የሌለው ሰው በሁለት ገደል መካከል በጨለማ እንደሚሄድ ነው።

መሣሪያው ውድ ነው፣ በየሁለት ሳምንቱም ገደማ ይለወጣል፤ ስለዚህ ለገጠር አይሆንም የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ የ1999ኙ መሣሪያ ራሱ በበሽተኛው ላይ ለሦስት ቀን ያህል ብቻ ይውል ነበር፤ ንባቡንም ኋላ የሚመለከተው ሐኪሙ ነበር። በጎንደርም ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የሠለጠኑ ነርሶች በገጠር ጤና ጣቢያ የስኳር በሽተኞችን መከታተል እንደሚችሉ አሳይተዋል። እነዚህን ሁለት ምሳሌዎች አገናኝቶ፣ መሣሪያው በጤና ጣቢያ ተቀምጦ ለእያንዳንዱ በሽተኛ በተራ ለሁለት ሳምንት ቢደረግለትና ነርሱ ከበሽተኛው ጋር ሆኖ የጾሙንና የእርሻውን ቀን መርፌ ቢያስተካክልለት፣ በቀረውም ጊዜ የጣት ደም መመርመሪያ ባይለየው፣ ጥቅሙ ቀላል አይሆንም። መድኀኒቱን ሰጥቶ መለኪያውን መንፈግ ሥራን በእኩሌታ መተው ነውና።