ከተክለ ሃይማኖት ሽቅብና ቁልቁል

በአዲስ አበባ ሙዚቃና ሙዚየም የአንድ ግቢ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ከቤተ መንግሥት ወጡ፤ ሁለቱም ወደ ሕዝቡ የደረሱት ዘግይተው ነው። ይህን በእግሩ ማየት ለሚፈልግ ከተክለ ሃይማኖት የተሻለ መነሻ አላውቅም። ከአደባባዩ ቁልቁል ጥቁር አንበሳን አልፎ ወደ ቸርችል ጎዳና ግርጌ የወረደ ሰው መንግሥት ካቆመው መድረክ፣ ከብሔራዊ ቲያትር፣ ይደርሳል። በሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ መደብሮች አድርጎ ሽቅብ የወጣ ደግሞ ዘፈን በጅምላ ሲሸጥበት ከኖረው መርካቶ ይገባል። ቅዳሜና እሁዱን ብቻውን በሙዚቃና በሙዚየም ሊያሳልፍ የተነሣ ሰው ሁለቱንም አቅጣጫ ቢሞክር ይሻለዋል።

ቁልቁለቱን እናስቀድም። የናስ መሣሪያ ወደዚህ ከተማ የመጣው ለጭፈራ አልነበረም። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ዛር ለዳግማዊ ምኒልክ መለከትና ከበሮ ላከ፤ ጥሩንባው የቤተ መንግሥት ክብር ማሳያ ሆነ። በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች፣ «አርባ ልጆች» የሚባሉት፣ ከነሙዚቃ መምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ይኸው ሰው ነው። እስከዚያ ድረስ ቲኬት ቆርጦ ኦርኬስትራ የሚሰማ ተራ ሰው ማለት የማይታሰብ ነበር። ሙዚቃ ወይ በግብር አዳራሽ፣ ወይ በሠርግ ዳስ፣ ወይ በጠጅ ቤት ነው፤ በሁሉም ቦታ ሰው የሚገኘው ከሌሎች ጋር፣ ተጠርቶ ወይም ተጋብዞ ነው።

ብቻውን የመጣን ተመልካች የፈጠረው ቲያትር ቤት ነው። በ1927 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ እያንዣበበ ሳለ መኮንን ሀብተ ወልድ የመሠረቱት የሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን ለመቀስቀስ ያቀረበው ንግግርና ዘፈን ከነጻነት በኋላ መደበኛ ቲያትር ሆነ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ ተመረቀ። ኢጣሊያኖች ለሲኒማ ጀምረውት የቀረውን ሕንፃ ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜ ነው የጨረሰው። ከፊቱ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ሞሪስ ካልካ ጠረበው። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ኔርሴስ ናልባንዲያንም በዚህ ቤት ኦርኬስትራ ለዓመታት ሠራ፤ የሀገር ዜማን በናስና በክር መሣሪያ ለመደርደር የደከመው ድካም እስካሁን በቂ ምስጋና ያገኘ አይመስለኝም።

ከቲያትር ቤቱ ወደ ስድስት ኪሎ ታክሲ መያዝ ግድ ነው፤ ታሪኩ ግን አይቋረጥም። በዚያን ጊዜ ከከተማው ባንዶች ሁሉ ስሙ የገነነው የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር የክብር ዘበኛ ባንድ ነበር። ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ የታወቁት በዚያ መድረክ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የዚሁ ክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። በስድስት ኪሎው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሹማምንት ተረሸኑ፤ ሙከራው ሲከሽፍ ጥላሁን ሳይቀር ታሰረ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም መቀመጫው ያ ሕንፃ ሆነ፤ ሙዚየሙም እዚያው ነው። ዛሬ ጎብኚው የንጉሡን መኝታ ክፍልና መታጠቢያ አይቶ ክራር፣ ማሲንቆና በገና በመስታወት ውስጥ ወደተቀመጡበት ክፍል ያልፋል። የዘፋኞቹ አለቃ ያመፁበት ቤት የመሣሪያዎቹ ማኖሪያ ሆኖ ቀረ። ይህንን ማንም አስቦ ያደረገው አይደለም፤ እኔ ግን ከከተማው ሙዚየሞች ሁሉ ይህን የምወደው ለዚህ ነው።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ያለችው ድንቅነሽ ለራሷ ሌላ ጨዋታ አላት። ስድሳ የሚሆኑ የንጉሡ ባለሥልጣናት በተረሸኑ ማግስት፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በሐዳር ተገኘች። ፈረንጆቹ ሉሲ ያሏትም በሰፈራቸው ካሴት ላይ ሲደጋገም ከዋለ የቢትልስ ዘፈን ወስደው ነው። የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጽም ስሟን ከዘፈን ስታገኝ፣ አዲስ አበባ ደግሞ የማታ ዘፈኗን ልታጣ ተቃርባ ነበር። ደርግ ያወጀው የሰዓት እላፊ ለዓመታት የከተማውን ማታ ቆለፈው። ሰዓት ከማለፉ በፊት ጭፈራ ቤት የገባ ሰው በሩ ይዘጋበትና እስኪነጋ ሲጨፍር ያድር ነበር። ብቻውን የመጣም ቢሆን ሲነጋ ብቻውን አይሆንም ነበር።

አሁን ሽቅብ እንውጣ። ማሕሙድ አሕመድ የተወለደው መርካቶ ነው። በልጅነቱ ሊስትሮ ሠርቷል፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ክብር ዘበኛን ተቀላቀለ። እዚህ ላይ ቁልቁለቱና ሽቅቡ ተገናኙ። ዘፈንን በሸክላ ማውጣት ግን ለማንም የተፈቀደ አልነበረም፤ በአዋጅ መሠረት ሸክላ ማስመጣትም ማሳተምም የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ መብት ነበር። ማኅበሩ ግን ዘመኑን ሊከተል አልቻለም። በ1961 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ የሚባል የሃያዎቹ ወጣት አዋጁን ችላ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ በህንድ አገር አሳተመ። ክስ ይመጣል ሲባል የመጣው ገበያ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ፤ በ1967 ዓ.ም. ግን አገር ለቀቀ። ያኔ የካይፋ ሸክላ አሳታሚው ዓሊ ታንጎ የማሕሙድን «ኧረ መላ መላ» ሲያወጣ ነጋዴው ከመንግሥት ባንድ የወጣውን ድምፅ ተረክቦ ነበር። ካሴት ሸክላን ሲተካ መርካቶ የዘፈን ጅምላ መደብር ሆነ፤ መድረክ የሌለው፣ ግን የመላ አገሪቱን ሬዲዮና አውቶቡስ የሚመግብ። በ1970ዎቹ ማብቂያ የማሕሙድን ሥራ ቤልጅየም ያለ አሳታሚ እንደገና አወጣው፤ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ የዚያን ዘመን ድምፅ ፓሪስ ላይ በቅደም ተከተል አኖረው።

ዛሬ ቅዳሜ ማታ ብቻውን የሚወጣን ሰው ምን ይጠብቀዋል? ቲያትር ቤት ምንም ችግር የለም፤ ወንበሩ ቁጥር አለው፣ ማንም ዞሮ አያይህም። አዝማሪ ቤት ግን ሌላ ነው። ብቻውን የተቀመጠ እንግዳ ለአዝማሪው የተዘጋጀ ምግብ ነው፤ ስሙን ጠይቆ፣ ጫማውን አይቶ፣ ፈገግታውን ቆጥሮ ግጥም ይሰካበታል፣ ቤቱም እየሳቀ ይቀበላል። ያኔ ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ መለጠፍ ነው። ሴት ብቻዋን ስትሆን ደግሞ ዓይኑም ግጥሙም ይበዛል፤ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ጠይቆ መሄድ ይሻላል፣ ይህን መሸፋፈን አይጠቅምም።

ጥሩ ቤቶች ደግሞ ዕድሜ የላቸውም። በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የነበረው ጃዛምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በተነሣው እሳት ተቃጠለ። የመላኩ በላይ ፈንዲቃ ካዛንቺስ ላይ ለዓመታት እስክስታና ጃዝ አገናኝቶ ሲቆይ በ2017 ዓ.ም. በሰፈሩ መልሶ ማልማት ምክንያት ቦታውን ለቀቀ። በሌላ በኩል መንግሥት ሙዚየም መሥራቱን አላቆመም፤ ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። ሐውልትና አዳራሽ ይበረክታል፣ ጠባብ የዘፈን ቤት ግን ይነሣል። በዚህ ረገድ ከተማው ከ1948 ዓ.ም. ብዙ የራቀ አይመስልም።

እሁድ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሲመለሱ ቸርችል ጎዳና ላይ ፖስታ ቤት አለ፤ የቴምብር ሙዚየሙን ብዙ ሰው አያውቀውም። ፓሪስ ከታተመውና የምኒልክ ምስል ካለበት ከ1886 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቴምብር ጀምሮ ያለው ሁሉ በዓመት በዓመቱ ተደርድሯል። አምኃ ያሳተማቸው ሸክላዎችም ሙዚየም ቢሠራላቸው ከዚያ ብዙም የሚሰፋ ቦታ አይፈልጉም፤ አንድ ክፍል፣ አንድ የሸክላ ማጫወቻ፣ ጥቂት ወንበሮች። ቦታውን ምረጥ ብባል ከአደባባዩ ሳልርቅ፣ መርካቶና ቲያትር ቤቱ እኩል በሚርቁበት አካባቢ አደርገው ነበር፤ መግቢያውንም ከአንድ ማኪያቶ አላስበልጥም።