የአርባ ሺህ ብር ጣሪያ፦ የኮልፌ ተሳፋሪና የመድን ሽፋን ታሪክ

በኪራይ ተሽከርካሪ ሲጓዝ ጉዳት ለደረሰበት ሰው ካሳ የሚጠየቅበት ዘመናዊ ሕግ በኢትዮጵያ የቆመው ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግና የንግድ ሕግ በአንድ ቀን በታወጁ ጊዜ ነው። ኮልፌ ያኔ የአዲስ አበባ ዳርቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ አየር ጤና፣ ቤተል፣ ወይራ ሰፈርና ካራ ቆሬ በየተራ በቤት ሲሞሉ፣ የዛሬው የኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪ ለሥራም ለገበያም ለሕክምናም ወደ መሀል ከተማ ተሳፍሮ መውረድ ግድ ሆነበት፤ ስለዚህ የተሳፋሪ ካሳ ጉዳይ ለዚህ ክፍለ ከተማ የየዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንዲሆን ይደነግጋል። ተሳፋሪ ግን ከእግረኛ የሚለይበት ነገር አለ፤ ሒሳብ ከፍሎ የተሳፈረ ሰው ከአጓጓዡ ጋር፣ ማለትም በዋጋ ሰው ለማድረስ ከተስማማው ወገን ጋር፣ ውል ገብቷል፤ ውሉን የሚገዛውም የንግድ ሕጉ የማጓጓዣ ክፍል ነው። ይህ ክፍል አጓጓዡን ለተሳፋሪው ደኅንነት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ነገር ግን አጓጓዡ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ የፈጸመው ድርጊት ካልሆነ በቀር ካሳው ከ40,000 የኢትዮጵያ ብር እንዳያልፍ ጣሪያ አበጅቶለታል። አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ይመነዘር በነበረበት በዚያ ዘመን ይህ ገንዘብ 16,000 ዶላር ያህል ነበርና፣ ጣሪያውን ያበጀው ሕግ አውጪ ለተሳፋሪው ሳስቷል ተብሎ ሊወቀስ አይችልም።

ሕግ ኃላፊ ያደረገው ሰው የሚከፍልበት አቅም ከሌለው ግን ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ይህን ክፍተት የሚሞላው መድን ነው፤ መድን ማለት ባለንብረቱ ዓረቦን የሚባል ክፍያ አስቀድሞ እየከፈለ፣ አደጋ ሲደርስ ካሳውን መድን ሰጪው የሚሸከምበት ውል ነው። የመጀመሪያው አገር በቀል የመድን ኩባንያ፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ ሌሎችም ተከትለውት ነበር፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 13 ኩባንያዎችን ከወረሰ በኋላ ግን ሥራው በ11 ሚሊዮን ብር ካፒታል በተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት እጅ ብቻ ሆነ፤ የግል ኩባንያዎች በሩ የተከፈተላቸው በ1986 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ መድን መግባት የባለንብረቱ ፈቃድ ነበር። የዚያ ዘመን ተሳፋሪ በፒክአፕ ጭነት መያዣ ላይ በተገጠሙ ሁለት ትይዩ አግዳሚዎች ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ይጓዝ ነበር፤ ፊት ለፊት ተያይቶ መጨዋወቱ ለተሽከርካሪው ውይይት የሚል ስም አወጣለት። ተሳፋሪው የተሳፈረበት ተሽከርካሪ መድን ይኑረው አይኑረው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ለረዳቱ ሳንቲም ሲሰጥ ደረሰኝ ስለማይቀበል፣ አደጋ ቢደርስ መሳፈሩን ራሱ በምስክር ማስረዳት ይጠበቅበት ነበር።

አስገዳጅነት የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559፣ እርሱንም በ2005 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 799፣ ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ደነገጉ። ሁለቱ ወገኖች መድን ሰጪውና መድን ገቢው ሲሆኑ፣ ሦስተኛ ወገን የሚባለው በተሽከርካሪው ምክንያት የተጎዳው ሰው ነው፤ ለምሳሌ የአየር ጤናን ታክሲ ሌላ መኪና ቢገጨው፣ በታክሲው ውስጥ ያለው ተሳፋሪ ለገጪው መኪና ሦስተኛ ወገን ነው። በመኪና የፊት መስታወት ላይ ከቦሎው ጎን ተለጥፎ የሚታየው ስቲከር የዚህ መድን ምልክት ነው። የ2005ቱ አዋጅ በተሽከርካሪ አደጋ ለተጎዳ ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጥ ያዘዘ ሲሆን፣ ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ለጎዳው ሰው ደግሞ ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ አደራጅቷል፤ ይህ በእርግጥ ትልቅ እርምጃ ነበር። የሚያሳዝነው የገንዘቡ ልክ ነው፤ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000፣ ለአካል ጉዳትም እስከ 40,000 ብር ሆኖ ተወሰነ። የ1952ቱ ቁጥር ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲመለስ፣ በ2005 ዓ.ም. ምንዛሪ ወደ 2,100 ዶላር ወርዶ ነበር። ለንብረት ጉዳት የተመደበው ጣሪያ ግን 100,000 ብር ነበርና፣ አዋጁ ከተሰበረ እግር ይልቅ ለተሰበረ መኪና የበለጠ ገንዘብ መድቦ ነበር ማለት ነው።

ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረቱት ኩባንያ ሀይብሪድ ዲዛይንስ የታክሲ መጥሪያውን ራይድን፣ ሌሎችም ዛይራይድንና ፈረስን ሲያስጀምሩ፣ ተሳፋሪ ለራይድ ወደ 8294 ደውሎ ወይም ስልኩን ነክቶ መኪናን ደጁ ድረስ መጥራት ቻለ፤ ከዚህም ጋር አሮጌው ሕግ ያላሰበው ጥያቄ መጣ። አጓጓዡ መኪናውን የሚነዳው ባለንብረት ነው ወይስ ጥሪውን ተቀብሎ ኮሚሽን የሚወስደው ኩባንያ? ለቤተሰብ አገልግሎት ተብሎ መድን የተገባለት መኪና ለኪራይ ሥራ ሲውልስ? የንግድ ሕጉ መድን ገቢው የአደጋ ሥጋት ሲጨምር ለመድን ሰጪው እንዲያስታውቅ ያስገድዳል፤ ያላስታወቀ ባለንብረት በችግሩ ቀን ከመድን ሰጪው ጋር ክርክር ይገጥመዋል፤ ክርክሩ እስኪያልቅም ተጎጂው ይጠብቃል።

አዲሱ የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. ሲወጣ የማጓጓዣውና የመድኑ መጽሐፍ ሳይነካ ስለቀረ፣ የ1952ቱ ጣሪያም አብሮ ቀጠለ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ዶላር ከ100 ብር በላይ ከተሻገረ በኋላ ደግሞ 40,000 ብር ከ400 ዶላር በታች ሆነ። ከቤተል ወደ ዘነበወርቅ በራይድ የሚጓዝ ሰው ዛሬ የሾፌሩ ስም፣ የታርጋው ቁጥር፣ የተነሳበት ሰዓትና የከፈለው ሒሳብ በስልኩ ላይ ተመዝግቦለታል፤ የውይይቱ ተሳፋሪ በምስክር ይለፋበት የነበረውን ውል በአንድ ገጽ ለዳኛ ማሳየት ይችላል፤ ዳኛው ገጹን አይቶ ወደ ንግድ ሕጉ ሲመለስ የሚያገኘው ቁጥር ግን ያው 40,000 ነው።