ኢሲ፦ ውኃው ውስጥ ምን ያህል ሟሟ?

ድሬዳዋ ውስጥ ውኃ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ብዙ ሳይቆይ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። የሻወሩ ወንፊትም ይደፈናል። ከተማዋ ከሐረርጌ ተራሮች ግርጌ ናት፤ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ወደ ታች ሲሰርግ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያልፋል። የአካባቢው ሲሚንቶ የሚሠራውም ከዚሁ ዓይነት ድንጋይ ነው። ስለዚህ ከከተማዋ የሳቢያንና ሌሎች ጉድጓዶች የሚወጣው ውኃ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ተሸክሞ ይመጣል።

ይህ ለቤት እመቤት የማንቆርቆሪያ ጣጣ ነው። በከረጢትና በችግኝ ሳጥን አትክልት ለሚያለማ ሰው ግን ከማዳበሪያው በፊት ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ነው። የሚታወቀውም ኢሲ በሚባል ቁጥር ነው።

ኢሲ «ኤሌክትሪካል ኮንዳክቲቪቲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም አሕጽሮት ሲሆን፣ የአማርኛ አቻው «የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት» ነው። ንጹሕ ውኃ ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፈው እጅግ በጥቂቱ ነው። ካልሲየም፣ ሶዲየም፣ ናይትሬት፣ ክሎራይድና የመሳሰሉት ሲሟሙበት ግን በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች፣ ማለትም አየኖች፣ ይሆኑና ኤሌክትሪኩን ያሳልፋሉ። የሟሟው በበዛ ቁጥር አስተላላፊነቱም ይጨምራል። መለኪያው ጫፉ ላይ ባሉት ሁለት ብረቶች መካከል ትንሽ ኤሌክትሪክ ልኮ ምን ያህሉ እንዳለፈ ያነባል። አሃዱ በጀርመናዊው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ በቬርነር ፎን ሲመንስ ስም የተሰየመው ሲመንስ ነው። በእርሻ ሥራ የተለመደው ሚሊ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በአፈር ላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሚገኘው ዴሲ ሲመንስ በሜትርም ያው ቁጥር ነው። መለኪያው ማይክሮ ሲመንስ ካሳየ ለ1000 ማካፈል ነው። «ፒፒኤም» የሚያሳዩ መለኪያዎችም አሉ፤ እነሱም የሚለኩት ኢሲን ነው፤ ከዚያ በ500፣ በ640 ወይም በ700 አባዝተው ያቀርቡታል። አንዱ አምራች በ500፣ ሌላው በ700 ስለሚያባዛ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ውኃ ለክተው የተለያየ ፒፒኤም ሊያወሩ ይችላሉ። ስለዚህ በኢሲ መነጋገሩ ይሻላል።

አንዳንዶች ኢሲን «ጨዋማነት» ብለው ይመልሱታል። ለኬሚስት ችግር የለውም፤ ለእሱ ማዳበሪያም ጨው ነው። ድሬ ላይ ግን ያሳስታል። አትክልተኛው ቀምሶ ጨው ጨው ካላለው ውኃው ደህና ነው ብሎ ያልፋል፤ ከኖራ ድንጋይ የመጣ ውኃ ደግሞ ሳይጎመዝዝ ከፍተኛ ኢሲ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ በጽሑፍ «የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት»፣ በአፍ «ኢሲ» ቢባል እመርጣለሁ፤ «ጨዋማ» የሚለው የእውነት ሶዲየምና ክሎራይድ ለበዛበት ውኃና መሬት ይቆይ።

ጉዳዩ ለተክል ሥር ለምን አሳሳቢ ሆነ? የተቆረጠ ቲማቲም ላይ ጨው ሲነሰነስበት ውኃውን እንደሚለቅ ማንም ሰላጣ የሠራ ያውቃል። ውኃ የሟሟ ነገር ወደበዛበት ይሄዳልና፣ በሥሩ ዙሪያ ያለው ኢሲ ሲያሻቅብ ተክሉ እርጥበት ውስጥ ቆሞ ይጠማል፤ የቅጠሉ ጠርዝ ያርራል፣ ዕድገቱ ይቆማል። አጠጪው ጠውልጎ ሲያየው ማዳበሪያ የጎደለው ይመስለውና ይጨምርለታል፤ ብዙ ችግኝ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው መመሪያ የመስኖ ውኃ ኢሲ ከ0.7 በታች ከሆነ ጨውን በተመለከተ ገደብ እንደማያስፈልገው፣ ከ0.7 እስከ 3.0 ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ፣ ከ3.0 በላይ ደግሞ ከባድ ገደብ እንዳለበት ይገልጻል። የሰብሎች ቻይነትም ይለያያል። በውኃ ከተሞላ አፈር ተጨምቆ በወጣ ፈሳሽ ሲለካ ፎሶሊያ ከ1.0፣ ሽንኩርት ከ1.2፣ ቃሪያ ከ1.5፣ ቲማቲም ከ2.5 በላይ ምርታቸው መቀነስ ይጀምራል፤ የቴምር ዛፍ እስከ 4.0 ይታገሣል። ነገሩ ቸል ሲባል ምን እንደሚከተል ለማየት መካከለኛው አዋሽ በቂ ነው። አሚባራ ላይ ውኃ የሚያስወጣ በቂ ቦይ ሳይኖር ለዓመታት በመስኖ የለማ የጥጥ መሬት የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ ብሎ ጨው ወደ ላይ አወጣ፤ ሰፊ መሬትም ከምርት ወጣ።

አሁን ከረጢቱና የችግኝ ሳጥኑ ወደሚሞሉበት ወደ ኮኮፒት። ኮኮፒት የኮኮናት ፍሬ የውጭ ልባስ ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ማሳደጊያ ነው፤ በዋናነት የሚመጣው ከስሪ ላንካና ከሕንድ ነው፤ በጡብ መልክ ተጠቅጥቆ ይሸጣል፤ ውኃ ሲነካው ያብጣል። ቀላል ነው፣ አየር ያስገባል፣ እርጥበት ይይዛል። የሚመግበው ነገር ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ተክሉ የሚበላው በውኃው የተሰጠውን ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ በሚገባ ያልታጠበ ኮኮፒት ሶዲየምና ፖታሲየም ይዞ ይመጣል፤ እነዚህን ይለቅና በምትካቸው ከማዳበሪያው ውኃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይነጥቃል። ተክሉ ካልሲየም እየተሰጠው ካልሲየም ይርበዋል። መፍትሔው ከመትከል በፊት ኮኮፒቱን በካልሲየም ናይትሬት ውኃ መዘፍዘፍና የሚወጣው ውኃ ኢሲ እስኪወርድ ማጠብ ነው።

አለካኩን አንድ የቃሪያ ከረጢት ይዘን እንየው። መጀመሪያ ባዶውን የቧንቧ ወይም የሮቶ ውኃ እንለካለን። ለምሳሌ 0.9 አለ እንበል። ማዳበሪያው ከተሟሟ በኋላ 1.9 ቢሆን፣ ከማዳበሪያው የመጣው ምግብ 1.0 ብቻ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በዝናብ ውኃ ወይም በተጣራ ውኃ የተሰላ የውጭ መመሪያ አይቶ «1.9 ሰጥቻለሁ» ብሎ ይረካል፤ ቃሪያው ግን ግማሽ የሚጠጋው ኖራ የሆነ ምግብ ነው የቀረበለት። ቀጥሎ ከረጢቱን ከሥሩ እስኪንጠባጠብ እናጠጣና ጠብታውን በሳህን እንቀበላለን፤ ያንንም እንለካለን። ገቢው 1.9፣ ወጪው 2.1 ከሆነ ሰላም ነው። ወጪው 3.5 ከሆነ ከረጢቱ ውስጥ ጨው እየተጠራቀመ ነውና በቀጭን ማዳበሪያ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ወጪው ከገቢው ካነሰ ተክሉ ርቦታል። ለጨቅላ ችግኝ አጠቃላይ ኢሲው 1.0 ገደማ ይበቃዋል፤ ፍሬ የያዘ ቲማቲም 2.0ን ያልፋል። በድሬ የሙቀት ወራት ተክል ከምግቡ ይልቅ ውኃውን አብልጦ ስለሚጠጣ የከረጢቱ ኢሲ በቀን ውስጥ ሳይቀር ይወጣል፤ በእነዚህ ወራት ማዳበሪያውን ማቅጠንና ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ነው የሚያዋጣው።

የሀገራችን አርሶ አደር ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀውን ዩሪያን በተመለከተ ግን ኢሲ መለኪያ ዕውር ነው። ዩሪያ ሲሟሟ አየን አይሆንም፤ ስለዚህ እፍኝ ሙሉ ቢጨመር እንኳ ቁጥሩ እምብዛም አይነቃነቅም። በኋላ ግን ባክቴሪያ ወደ አሞኒየም ሲለውጠው ያስተላልፋል፤ ያኔ ደግሞ ሥሩ ተቃጥሏል። በኮኮፒት ላይ ዩሪያን በመለኪያ መምራት አይቻልምና በናይትሬት ላይ የተመሠረተ የሚሟሟ ማዳበሪያ መጠቀሙ ይሻላል።

ኢሲ ምን ያህል እንደሟሟ እንጂ ምን እንደሟሟ አይናገርም። ስለዚህ ፒኤች የሚባለው ሁለተኛ ቁጥር ከጎኑ ይቆማል። ፒኤች እ.ኤ.አ. በ1909 ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን ያወጣው ልኬት ነው፤ በአማርኛ «የአሲድነት ልክ» ይባላል፤ 7 መካከለኛው ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ ቤዝ ነው። እያንዳንዱ አሃድ የ10 እጥፍ ልዩነት አለው። በኮኮፒት ላይ ከ5.5 እስከ 6.5 ያለው ይስማማል። ባይካርቦኔት የበዛበት ውኃ ደግሞ ፒኤቹን ያለማቋረጥ ወደ ላይ ይገፋል። ያኔ ብረት ከውኃው ውስጥ ይዘቅጥና ሥሩ ሊወስደው አይችልም፤ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። ብርቱካን ተክሎ በኖራማ መሬት ላይ ያሳደገ ሰው ይህን ቅጠል ያውቀዋል። ኢሲው የተስተካከለ መስሎ ተክሉ የሚራብበት ምክንያት ይህ ነው።

ፒኤች ለማውረድ ፎስፎሪክ ወይም ናይትሪክ አሲድ በጠብታ ይጨመራል፤ ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውኃው እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይፈስም፤ ጓንትና መነጽርም ያስፈልጋል። ሎሚ መጭመቅ ለጊዜው ያወርዳል፤ ባክቴሪያዎች የሎሚውን አሲድ ሲበሉት ፒኤቹ ተመልሶ ይወጣል። ማዳበሪያው መጀመሪያ፣ ፒኤች ማስተካከሉ ቀጥሎ ይሁን፤ ማዳበሪያው ራሱ ፒኤቹን ይለውጠዋልና።

መለኪያዎቹም እንክብካቤ ይሻሉ። የፒኤች መለኪያ ጫፉ ቀጭን መስታወት ነው፤ ከደረቀ ይበላሻል፤ በማስቀመጫ ፈሳሹ እንጂ በተጣራ ውኃ መቀመጥ የለበትም። በ7.00 እና በ4.01 መፈተሻ ፈሳሾች በየጊዜው ይስተካከል። የኢሲ መለኪያ በ1.413 ፈሳሽ ይፈተሻል። በሮቶ ውስጥ ፀሐይ ያሞቀው ውኃ በእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 2 በመቶ ገደማ አብልጦ ያስተላልፋልና መለኪያው ንባቡን ወደ 25 ዲግሪ የሚመልስ መሆኑን ገዢው ያረጋግጥ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውኃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ናይትሬታቸው የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ካስቀመጠው 50 ሚሊ ግራም በሊትር የሚያልፍ ጉድጓዶች አግኝተዋል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሚሰርገው ፍሳሽ ነው። ናይትሬት ለቃሪያ ምግብ ነው፤ በጡጦ ለሚጠባ ሕፃን ግን አደጋ ነው። የኢሲ መለኪያ ደግሞ ናይትሬትን ከሌላው ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ ማንም በዚህ መለኪያ ዝቅተኛ ቁጥር አይቶ «ውኃው ይጠጣል» እንዳይል፤ ለመጠጥ የላቦራቶሪ ምርመራ ግድ ነው።

የመስኖ ጉድጓድ ሲመረቅ ስንት ሊትር በሰከንድ እንደሚሰጥ ይነገራል። የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ከዚያ ቁጥር ጎን የጉድጓዱን ኢሲ፣ ፒኤችና ባይካርቦኔት ጽፈው ለአልሚው ያስረክቡ። አልሚውም ይጠይቅ፤ ከነገሩት በኋላም በራሱ መለኪያ በዝናብ ወቅትና በበጋ እየለካ ይመዝግብ፤ የጉድጓድ ውኃ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለምና።