ቅዳሜያችን ሲልቨር ስፕሪንግ ገባች

ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ላይ ቅዳሜ ሞፈር አይነሳም። በሬውም ገበሬውም ያርፋሉ። ነገሩ ሥሩ ረጅም ነው። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት «ቀዳሚት ሰንበት ትከበር» ብለው ከቤተ መንግሥቱም ከጳጳሱም ጋር ስንት ዘመን ሲጣሉ ኖረው፣ በ1450 (ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ እየቆጠርኩ ነው) ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ጠርተው ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆነች። ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ታሪክ ባያነበውም ኖሮበታል። ቅዳሜ ዘመድ መጠየቂያ፣ ለቅሶ መድረሻ፣ የተጣላ ማስታረቂያ፣ ጠላ መቅመሻ ናት።

አሜሪካ ስንመጣ በመጀመሪያ የተነጠቅነው እሷን ነው። ታክሲ የሚነዳው ጥሩ ገበያ የሚያገኘው ቅዳሜ ማታ ነው። ፓርኪንግ የሚጠብቀው፣ ሆቴል የምታጸዳው፣ አረጋውያን የምትንከባከበው ሁሉ ቅዳሜን «ኦቨርታይም» ብለው ነበር የሚያውቋት። ሐበሻ ዋሽንግተን አካባቢ ምን ተከለ ሲባል ሰው ሁሉ ክትፎና እንጀራ ይቆጥራል። እኔ ቅዳሜን ነው የምቆጥረው። ምግብማ ገንዘብ እስካለ የትም ይሄዳል፤ ሥራ ፈትቶ ሰው ለማየት መውጣት ግን ሰፈር ይፈልጋል፣ ሰፈር ለማግኘት ደግሞ ዓመታት ፈጅቶብናል።

መጀመሪያ የሰፈሩት በ1974ቱ አብዮት ምክንያት አገር መግባት ያቃታቸው ተማሪዎችና ዲፕሎማቶች ነበሩ። ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ በሱዳን በኩል የወጡት ተጨመሩ፤ ቆይቶም ዲቪ መጣ። ኪራይ ርካሽ በነበረበት በአዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው ጎዳና ላይ ምግብ ቤቶች ተከፈቱ። ቀጥሎ ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው ጎዳና ተሻገርን። ያ ሰፈር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉበት በ1968 ተቃጥሎ፣ የባቡሩ አረንጓዴ መስመር በ1991 እስኪከፈት ድረስ ተቆፋፍሮ የኖረ ነው። በ2005 ገደማ የእኛ ሰዎች «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ይሰየም ሲሉ ጥቁር አሜሪካውያኑ ጎረቤቶቻችን እምቢ አሉ። እውነታቸውን ነው። ዱክ ኤሊንግተን ያደገበትን ሰፈር በእኛ ስም መጥራት አይገባም ነበር። ሎስ አንጀለሶች በፌርፋክስ ጎዳና ይህንኑ ስም በ2002 አግኝተዋል፤ እኛ ያለ ስሙም ኖርን። ኪራዩ ሲንር ግማሹ ወደ ቨርጂኒያ፣ ግማሹ የሜሪላንድን ድንበር ተሻግሮ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ።

ሐምሌ ላይ ደብረ ኤልያስ ጉምና ጭቃ ነው። እዚህ ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሰውም ወጥቶ አይጠግብም። ቅዳሜ ጠዋት ኤልስወርዝ ጎዳና ላይ የገበሬዎች ገበያ ይቆማል። አንዲት እናት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከአንዱ ገበሬ ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል። ኮላርድ የሚሉትን ጎመን አነሱ፤ ቅጠሉን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ አገዳውን በጥፍራቸው ጫር አድርገው መለሱት። ሌላ እስር አነሱ፤ እሱንም መለሱት። ገበሬው ፈረንጅ ነው፤ ጠባያቸውን ስለሚያውቅ ሳይጠየቅ ከጠረጴዛው ሥር ለጋውን አወጣላቸው። እሳቸውም «ተባረክ» አሉት፣ በአማርኛ። ቃሪያው ደግሞ በማሽተት ነው የሚመረጠው።

ከዚያ ወደ ፌንተንና ወደ ጆርጂያ ጎዳና ነው። ሱቁ ውስጥ እንጀራው ገና ትኩስ ስለሆነ ላስቲኩን ላብ አልብሶታል። የአይዳሆ ጤፍ ይሻላል ወይስ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣው እንጀራ የሚለው ክርክር እዚህ ዳኛ የለውም። ጤና አዳም በችግኝ የሚሰጣጡም አሉ፤ እሱ የሜሪላንድን በረዶ ይችለዋል። ጌሾ ግን በረዶ ስለማይወድ ብዙው ሰው በገንቦ መሰል ማሰሮ ተክሎ ክረምቱን ቤት ውስጥ ያሳልፈዋል።

ቡና ቤቱ ወንበር ሞልቶታል፤ ሰው ግን አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነው የሚያወራው። «በል ደህና ዋል» ከተባባሉ በኋላ የመኪናው በር ተከፍቶ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይወራል። ማን ሞተ፣ የማን እናት ቪዛ አገኙ፣ ዕድሩ መቼ ነው። አመሻሽ ላይ ስላይጎ ክሪክ ዳር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚንሸራሸሩ አባቶች አሉ። ልጅ ለማሳደግ የመጡ እናቶችም ጋሪ እየገፉ ይወጣሉ።

«እንደምን ዋሉ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። የማን ልጅ ነህ?»

የማን ልጅ እንደሆንኩ እዚህ አገር የሚጠይቀኝ የለም ብዬ ነበር። ደብረ ኤልያስ ስላቸው፣ «አይ ወንድም ዓለም፣ እኛ የማርቆስ ነን እኮ!» ብለው አቀፉኝ፤ ጋሪ ውስጥ ያለው የልጅ ልጃቸውም ተመርቆ ተሰጠኝ።

ደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማሩት ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ከጣሊያን ጦርነት በኋላ በዲፕሎማትነት ዋሽንግተን ሠርተዋል። ያኔ ከኤምባሲው ሰዎች ውጭ አማርኛ የሚናገር ማግኘት ብርቅ ነበር። ዛሬ የዋሽንግተን አስተዳደር ራሱ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት ሰነዶቹን በአማርኛ ያስተረጉማል። ቅጹ ላይ ያለው አማርኛ አንዳንዴ ሰሙን ትቶ ወርቁን ፈልጉ ቢልም።

ቅዳሜ ዛሬም ለሁሉም አልደረሰችም። ዲቪ ደርሶህ ትናንት የገባኸው፣ የዘመድ ዕዳ ያለብህ፣ ሁለት ሥራ የያዝከው ወንድሜ፣ ይገባኛል። ቢሆንም በወር አንዷን ለኦቨርታይም አትስጣት። በቀዩ መስመር ሲልቨር ስፕሪንግ ውረድ፤ ከጣቢያው እስከ ፌንተን በእግር ነው፣ ለመኪና ማቆሚያም አትጨነቅ።