አዲንዳንና የካርታችን ልኬት

ዛሬ ካርታ በኮምፒዩተር ለሚያጠና ተማሪ ፓይፕሮጅ የተባለውን ላይብረሪ በፓይተን ላይ መጫን የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህች መስመር በስተጀርባ ረጅም ታሪክ ስላለ፥ በጥቂቱ ልንመረምረው ወደድን። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመሬት ቅየሳ መነሻ ነጥብና የምድርን ቅርጽ የሚወክል ስሌት ይሻል። የአገራችን ነባር ካርታዎች መነሻ አዲንዳን ነው፤ ስሙም የተገኘው በኑብያ፥ በግብፅና በሱዳን ጠረፍ አጠገብ ከነበረ ቦታ ነው። ስሌቱ የ1880 የክላርክ ኤሊፕሶይድ ሲሆን፥ ከ1957 እስከ 1961 በተካሄደው የዓባይ ተፋሰስ ቅየሳ ሥራ ላይ ውሏል። ጂፒኤስ ግን የሚከተለው ሌላውን፥ ማለት የ1984ቱን የዓለም ሥርዓት ነው። ሁለቱን ሳያስታርቁ ቢያነቡ ቦታው ከመቶ ሜትር በላይ ይዛነፋል፤ የአንዱ ገበሬ ማሳም በካርታ ላይ ከጎረቤቱ ድንበር ይገባል።

የማስታረቁን ስሌት ከሚሠሩት አንዱ ፕሮጅ ነው። ይህንንም የአሜሪካ የጂኦሎጂ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበሩት ጄራልድ ኤቨንደን በ1980ዎቹ ጀመሩት፤ ፓይፕሮጅ ለፓይተን የሚያቀርበው እርሱኑ ነው። በ2019 ከወጣው ስድስተኛ እትም ወዲህ የልኬት መነሻዎቹ ዝርዝር በአንድ መዝገብ ተጠቃሎ አብሮ ይጫናል። መዝገቡ ካልተገኘ ፕሮግራሙ ቢጫንም አዲንዳንን አያውቅም።

በመዝገቡ ለኢትዮጵያ የሰፈረው የሦስቱ አቅጣጫዎች ልዩነት −165፥ −11 እና 206 ሜትር ሲሆን፥ ለሱዳን −161፥ −14 እና 205 ነው። እንግዲህ አዲሱ መሣሪያ የቀድሞዎቹን ቀያሾች ሥራ አልሻረም፤ ተሸክሞት ይዞራል። ስለዚህ ላይብረሪውን የሚጭን ሁሉ ውጤቱን ከመቀበሉ በፊት የየትኛው አገር ቍጥር እንደ ተመረጠ ቢመረምር መልካም ነው እንላለን።